«አልፋለች» የተባልኩበት ዓመት

እናቴ አማርኛ የተማረችው ገበያ ውስጥ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይና ቀበሌ ሱቅ በራፍ ላይ ነው። ገበያው ዋጋና እርግማን አስተማራት። ስብሰባው «ይውደም» ማለትን አስተማራት፤ ምኑ እንደሚወድም ግን አጥርታ ያወቀች አይመስለኝም፤ ሰው እጁን ሲያነሳ ታነሳለች፣ ሲጮህ ትጮሃለች። አንድ ቀን ቆጮ የምትሸጥላትን የሹም ሚስት «አንቺ» ብላ ከተሰደበች ወዲህ ደግሞ ነገሩን በአንድ ጊዜ ገላገለችው፤ ያገኘችውን ሁሉ «እርስዎ» ማለት ጀመረች። የሰፈር ማቲ ሳይቀር። «እርስዎ፣ ንፍጥዎን ይጥረጉ» ስትል የሰሙ ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ሲንከተከቱ እኔ አፍር ነበር።

ከእኔ ጋር የምናወራው በሲዳምኛ ነው። በሲዳምኛ እናቴ ቀልደኛ ናት፣ ተከራካሪ ናት፣ ሰው አፉን ከፍቶ የሚሰማት ሴት ናት። ከአጥሩ ወጥታ አማርኛ ስትጀምር ግን ድምጿ ይቀንሳል፣ አንገቷ ይሰበራል፣ ሌላ ሴት ትሆናለች። ልጅ ሆኜ ይሄ በጣም ይገርመኝ ነበር። አንድ ሰው እንዴት ሁለት ሰው ይሆናል? አባቴን ጠየቅሁት፤ እሱ በመንግሥት እርሻ ግንበኛ ስለነበር የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ «ዝም ብለሽ እደጊ» አለኝ። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ ማደግ የሚባል ነገር አልሆነልኝም። ዛሬም አልሆነልኝም።

አሁን ስለ ቀበሌ ሱቅ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ስኳር ወይ ሳሙና በመጣ ቀን ሻጩ በራፉ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። ስሙ ሲጠራ ያልነበረ ሰው እያለከለከ ሲደርስ፣ ሻጩ ቀና እንኳ ሳይል «አልፏል» ይላል። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ወንድምዬ ቢሉት ወይ ፍንክች። አልፏል ከተባለ አልፏል፤ ዘንቢልን አጣጥፎ ወደ ቤት መሄድ ነው። እናቴ ከገበያ ሮጣ እየመጣች ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማችው እሷ ናት የምታውቀው። ስለዚህ ለእሷ አለፈ ማለት ቀረ፣ አመለጠ፣ ሌላ ሰው ወሰደው ማለት ነበር። ማንም ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው ብሎ አልነገራትም።

ቤታችን በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ነበር፤ ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አጠገባችን ከጎጃም በሥራ ዝውውር የመጡ ሰው ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር፤ ባልየው መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ሚስትየው የቤት እመቤት። ልጃቸው በዕድሜ እኩያዬ፣ በትምህርት ግን ቀድማኝ የገባች ናት። የምትማረው ሚሲዮኖቹ ጋ ነው። በዚያ ዘመን የግል ትምህርት ቤት የሚባለው ሁሉ ተወርሶ «የሕዝብ» ተብሎ ነበር፤ የካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በዚያ ረጅም ግንብ ውስጥ እንደተደበቀ ቀርቷል። የከፈለ ይማርበታል። ያልከፈለ ግንቡን ያያል።

እኔ ግንቡን ማየት አልበቃኝም። ልጅቷ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጥራችን ሥር ጠብቄ እይዛታለሁ። ውስጡ ምን አለ? መጸዳጃ ቤት አለ፣ በር ያለው። ሌላስ? መጽሐፍ። ስንት ልጅ ነው በአንድ መጽሐፍ? ለእያንዳንዱ። አላመንኳትም። ተረት የምትነግረኝ መስሎኝ «ማይ» አልኳት፤ ጣቷን በምላሷ አርሳ ግንባሯ ላይ መስቀል ሠርታ ማለች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ መጽሐፍ ለብቻ ይዞ ልጅ ምን ያደርጋል? ገጹን ሲገልጥ ማን ይቆጣዋል?

እናትየው ደግ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን እናቴን በአጥሩ ላይ ጠርተው፣ ሲስተሮቹ በየዓመቱ ጥቂት የሰፈር ልጆችን ያለ ክፍያ እንደሚቀበሉ፣ ግን ፈትነው እንደሆነ ነገሯት። ልጅሽ ምላሷ ስለት ነው፣ ውሰጃት አሏት። እናቴ ለጊዜው ፈራች። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ጴንጤ መሆን ራሱን የቻለ መከራ ነበር፣ ጸሎታችንን በሹክሹክታ ነው የምናደርገው። ሴትየዋ ሳቁ። እግዜር አንድ ነው፣ ፊደልም አንድ ነው አሏት። እንዲህ ሆኖ ኦርቶዶክሷ ሴት የጴንጤዋን ልጅ ወደ ካቶሊኮቹ ሰደደች።

ፈተናው ለእኔ ጨዋታ ነበር። አንዲት ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ሲስተር ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አዙሬ ግራ ጆሮዬን እንድነካ አዘዙኝ። በዚያ ዘመን የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? ጆሮውን የነካ ለትምህርት ደርሷል፣ ያልነካ ለከርሞ ይምጣ ነው። እኔ አጭር ነበርኩ፤ አንገቴን ትንሽ ዘመም አድርጌ ነካሁት። ሲስተሯ ማጭበርበሬን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ቁጠሪ አሉኝ፣ ቆጠርኩ። የቀለም ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሲጨርሱ የምትጠይቂው አለ ወይ አሉኝ፤ መጽሐፍ እውነት ለእያንዳንዱ ልጅ ነው ወይ አልኳቸው። አንዱን አንስተው ሰጡኝ። አሸተትኩት። አዲስ ሳሙና ይሸታል።

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ አናት ይበሳል። እኔ ታናሽ ወንድሜን እንድይዝ ቤት ቀረሁ፤ እናቴ ብቻዋን ሄደች። የሆነውን ከእሷ አፍ ነው ኋላ የሰማሁት። ዘበኛው ኮፍያውን አጥልቆ በሩ ላይ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ከፊቱ ወላጅ ተኮልኩሏል። ስም ይጠራል፣ «አልፏል»፣ «አላለፈም»፣ «አልፋለች» እያለ ይቀጥላል። እናቴ ይሄን ሥርዓት ታውቀዋለች፤ ቀበሌ ሱቅ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ደግሞም በዓይኗ አረጋገጠች። አልፏል የተባሉት ነጠላቸውን ተከናንበው በዝናቡ እየሮጡ ወደየቤታቸው ሲሄዱ አየች። አላለፈም የተባሉት ደግሞ አልሄዱም፤ በሩ ጋ ተሰብስበው ቆመዋል፣ አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ ሁሉ ገብተዋል። ለካ የቆሙት ሊለምኑ ኖሯል። እናቴ ግን የተመረጡት እነሱ ናቸው አለች በልቧ። የእኔ ስም ተጠራ። «አልፋለች።» እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘንቢሏን በአናቷ ላይ ደፍታ ተመለሰች።

ቤት ስትገባ ተስፋ እንደቆረጠች አየሁ። አልሆነም አለችኝ በሲዳምኛ፤ ለሌላ ሰው ሆነ። አለቀስኩ። ጎረቤታችን በዚያን ጊዜ ለእናታቸው ለቅሶ ጎጃም ሄደው ነበር፤ መስከረም ላይ ሲመለሱ እናቴ አልገባችም ብላ ነገረቻቸው። ሴትየዋ አዘኑ፣ ለሰፈር ልጅ የሚሉት ለስሙ ነው ማለት ነው፣ እዚያም ዘመድ ይጠይቃል ብለው ሲስተሮቹን ጥቂት አሙ። ማንም ምን ብለው መለሱሽ ብሎ ቃል በቃል የጠየቃት የለም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከሰዓት ፈረቃ። መምህራችን ሸጋ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ያስተምሩናል። ግን ምን ያድርጉ፣ ክፍሉ ጢም ብሏል። ቀድሞ የደረሰ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ የዘገየ ድንጋይ ይዞ ይገባል። መጽሐፉን ለአንድ አግዳሚ አንድ ስለሚሰጡን ዳር የተቀመጠ ልጅ ፊደሉን በጎን እያየ ነው የሚማረው፤ በጎን ካልሆነ ማንበብ የማይችል ጓደኛ ነበረኝ፣ እውነቴን ነው። እኔ መሀል ለመቀመጥ ተጋፍቼም፣ ተናክሼም ቢሆን ብዙውን ቀን ቦታዬን አስከብር ነበር። ፊደሉን አንበለበልኩት። መደመርና መቀነስ ገባኝ። ትምህርት ጣፈጠኝ።

ጠዋት ጠዋት ነፃ ስለሆንኩ እግሬ ወደዚያ ግንብ ይወስደኛል። ግንቡ ሥር አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች የተጣለ ነገር ይለቃቅማሉ፤ እነሱን ገፋ አድርጌ ጆሮዬን ለጥፌ እቆማለሁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ። ከጩኸታቸው ውስጥ አንድ ቃል ሁልጊዜ ይመጣል፤ «ዲሲዛ»። ዲሲዛ እንዲህ፣ ዲሲዛ እንዲያ። ጠዋቱን ሙሉ ዲሲዛ። ዲሲዛ ማን ነው? የሲስተሯ ስም መሰለኝ። ቀጥሎ የሆነ ጻድቅ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ካቶሊኮች ጻድቅ ይወዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ። መቼም አላስችል ሲለኝ ለጎረቤቴ ልጅ የዘይቱን ፍሬ ይዤ ሄጄ ጠየቅኋት። ዘይቱኑን በልታ ከጨረሰች በኋላ፣ እንግሊዝኛ ነው፣ «ይሄ» ማለት ነው አለችኝ። ይሄ ምን? ይሄ ምንም፣ ይሄ ብቻ። እኛ ጋ እንግሊዝኛ የሚጀመረው ሦስተኛ ክፍል ስለሆነ መምህራችንን ብጠይቅም «ትደርሺበታለሽ» አሉኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ተሰጠ። መምህራችን ስሜን ጠርተው ራሴን እያሻሹ «ጎበዝ፣ አልፈሻል» አሉኝ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። በሩጫ ቤት ደረስኩ። እናቴ ቆጮ በኮባ እየጠቀለለች ነበር። ወሬው የሞቀው በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ነው የነገርኳት። «አማ፣ አልፌያለሁ!»

እጇ ላይ ያለውን አስቀመጠች። ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ሳበችኝና፣ አይዞሽ፣ ለከርሞ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ያጋጥመዋል አለችኝ በሲዳምኛ። ተነስታ ነጠላዋንም ፈለገች፤ መምህሩን ሄጄ እለምናለሁ፣ እሳቸው ደህና ሰው ናቸው፣ ቦታሽን አይከለክሉሽም አለች። እኔ ሳቅሁ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ምን ትለምኛለሽ፣ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ እኮ አልኳት። እንዴት ትገቢያለሽ፣ አልፈሻል ብለውሽ የለም? አለፈ ማለት ገባ ማለት ነዋ አልኳት።

ነጠላዋን እንደያዘች ቆመች። ዘበኛውም እኮ አልፋለች ነው ያለኝ አለች። የትኛው ዘበኛ? የሚሲዮኖቹ። ደጋግማ አስነገረችኝ፤ ልጅ አለፈች ሲባል ገባች ነው? ገባች ነው። አላለፈችም ሲባልስ? ወደቀች። መሬት ላይ ተቀመጠች። እናቴ የምታለቅስ ሴት አልነበረችም፤ ኮባውን አንስታ በጥፍሯ በቀጭን በቀጭኑ ትቀደው ጀመር፣ ለምንም እስከማይሆን ድረስ። በጣም አሳዘነችኝ። ተናድጄም ነበር፤ በእሷ አልነበረም፣ በዘበኛውም አልነበረም። አንድ ቃል እንዴት በአንዱ በር ግባ፣ በሌላው በር ውጣ ይላል?

ጎረቤታችን ሲሰሙ «ምነው በሞትኩት!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ አሉ፣ የቀረውን ግን እናቴን አይተው ዋጡት። ቆይተው ደግሞ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ነገ በጠዋት ሄደሽ ያው እንደሆነው አድርገሽ ንገሪያቸው አሏት። እናቴ ሌሊቱን አማርኛዋን ስታጠና እንዳደረች እኔ ምስክር ነኝ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

በማግስቱ እኒያው ሲስተር ፊት ቆምን። የእናቴ ድምፅ እንደ ልማዷ ወረደ፤ ግን ቃሉ አልጠፋባትም።

«እርስዎ ዓምና አልፋለች አሉ። እኔም አልፋለች ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

ሲስተሯ ግራ ገባቸው። እናቴ ስኳሩን፣ ሱቁን፣ ሻጩን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው፤ ሻጩ አንገቱን ደፍቶ አልፏል ሲል እንዴት እንደሚል አስመስላ አሳየቻቸው። ሲስተሯ ሲገባቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ የራሳቸውን አወጡ። አገራችን በመጡ ሰሞን አንድ ሠራተኛቸው አባቴ አረፉ ብሎ ቢነግራቸው «ጥሩ ነው፣ ይረፉ፣ ብዙ ደክመዋል» ብለው መልሰውለት፣ ሰውየው ለወራት አላናገራቸውም አሉ። እናቴ ሳቀች። በአማርኛ ስትስቅ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም የሰው ቋንቋ የሸወዳቸው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ አበቃ፣ ገባሁ አልኩ በልቤ።

ሳቁ ሲያልቅ ሲስተሯ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቦታዬ ምዝገባው እስኪያበቃ ተጠብቆ ለሌላ ልጅ መሰጠቱን ተናገሩ። አሁን አንደኛ ክፍል ልመልሳት ብል ጨርሳዋለች፣ ሁለተኛ ክፍል ግን አባቱ የተዛወረ ልጅ ስላለ አንድ ቦታ አለ፤ እንደማንኛውም ልጅ ትፈተናለች አሉ። እናቴ ዓምና አልፋ የለም ወይ አለች። ዓምና ለአንደኛ ነው አሏት።

ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። አማርኛ አስነበቡኝ፣ ሳልደናቀፍ አነበብኩ። ሂሳቡን ሠራሁ። ሲስተሯ ደስ ሲላቸው አይቻለሁ። ከዚያ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ገለጡና አንዲት ቡሬ ላም በጣታቸው ነክተው «ዋት ኢዝ ዚስ?» አሉ። እየጠየቁኝ እንደሆነ ገባኝ። ግንብ ሥር የሰማሁት ትዝ አለኝና ደረቴን ነፍቼ «ዲሲዛ ላም» አልኩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ሊስቁ ነበር መሰለኝ። ጠበቁኝ። አማርኛው ካልሆነ ብዬ «ዲሲዛ ሳ» አልኩ፤ ሳ በሲዳምኛ ላም ነው። አሁንም ጠበቁኝ። ገጹን ገለጡ፤ ዶሮ፣ ወንበር፣ ዓሣ። ለሁሉም ሁለት ሁለት ስም ሰጠኋቸው። ሦስተኛውን እየጠበቁ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ግን ከየት ላምጣው? መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉት።

ፊደል ሳልለይ የከፈትኩት በር አንብቤ ስመጣ ተዘጋብኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ተጋፍቼ፣ ድንጋይ ተሸክሜ፣ በጎን አንብቤ ተምሬ ወደ ኋላ ሄድኩ ማለት ነው። ይሄን ሂሳብ ያኔ አልፈታሁትም፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሂሳብ ፈትቻለሁ፣ እሱን ግን ዛሬም እጠይቃለሁ።

ሲስተሯ ወደ እናቴ ወጥተው፣ ልጅዎ በጣም ጎበዝ ናት፣ ግን አላለፈችም አሉ። እናቴ ዘንድሮ መሳሳት አልፈለገችም።

«አላለፈችም ማለት ትገባለች ነው ወይስ አትገባም?»

«አትገባም» አሉ ሲስተሯ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እናቴ እግዜር ይስጥልኝ አለቻቸው። ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ጋ ስንደርስ በሲዳምኛ፣ ምን ብለው ጠየቁሽ አለችኝ። የላም ሥዕል አሳዩኝ አልኳት። አንቺስ ምን አልሽ? ላም አልኩ፣ እምቢ ሲሉኝ ሳ አልኩ። ቆመች። ሥዕሉ የላም አልነበረም ወይ አለችኝ። የላም ነው አልኳት፤ ጡቷም ቀንዷም አለ። ልክ ብለሻላ? ልክ ነው፣ ግን እዚያ ውስጥ ሌላ ስም አላት።

እናቴ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሁለቱን ጉንጮቼን በመዳፎቿ ይዛ ዓይን ዓይኔን አየች።

«ላሟን ግን አውቀሻታል» አለችኝ።